ኮምፒውተር ልትገዙ ስትወጡ ፍላሽ ያዙ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረሳችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። የኮምፒውተር ግዥ በመጣ ቁጥር «የቴክኒክ ባለሙያዋ ትየው» ተብዬ የምጠራውም እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ለመምህራንና ለወላጆች ነው። ከሁሉም በላይ ግን በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ላሉ የግዥ ኮሚቴዎች ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተር ስንገዛም ሆነ በልገሳ ስንቀበል፣ ሊኑክስ በሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን በሚያሠራው ነፃ ሲስተም ላይ ያለ ችግር የሚሠራ መሆኑን አስቀድመን እናረጋግጥ። ይህን ደግሞ ገንዘብ ሳይከፈል፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የዊንዶውስ 10 ነገር ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያውን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። እኛ ላብ ያሉት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ 4ኛና 6ኛ ጀነሬሽን ናቸው። ስለዚህ በየስብሰባው «እነዚህ አርጅተዋል፣ ይወገዱ» ሲባል እሰማለሁ።

አይወገዱም። የእኛዎቹን ሃርድ ዲስካቸውን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይረን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንባቸው። ዛሬ ተማሪዎቹ ይጽፉባቸዋል፣ በሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ ይሠሩባቸዋል፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይማሩባቸዋል። ሚንት 4 ጊጋባይት ራም ካገኘ ይበቃዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ፈተና ክፍል ገብቶ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሚሠራ ማሽን እያለ «አርጅቷል» ብለን ስቶር ስንቆልፍበት የምንጎዳው ያንን ልጅ ነው።

ለወሎ ትምህርት ቤቶች ነገሩ ከሌላውም ይጠናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋማት ብዙ ዕቃ ተዘርፏል። የቀረውም ተሰባብሯል። ከዚያ በኋላ የእኛ ላብ የቆመው በልገሳ ነው። ከዚህም ከዚያም ተሰብስቦ መጣ። ከውጭ ያሉ የወሎ ልጆች የላኩትም አለ። የሰጡንን ሁሉ እግዜርም አላህም ይስጥልን። ግን የተለያየ ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ የየራሱ ጠባይ ይዞ ነው የሚገባው። አንዱ ዋይፋይ የለውም፣ የሌላው ድምፅ አይወጣም። ለወደፊቱ ልገሳ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ በሊኑክስ አስነስታችሁ ብታዩልን ውለታችሁ እጥፍ ይሆናል።

አንዱ ዕቃ ሠርቶ ሌላው ለምን እምቢ ይላል? ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የሲስተሙ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉ አብዛኞቹን ድራይቨሮች፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች፣ ይዞ ነው የሚመጣው። የዕቃው አምራች ድራይቨሩን ለከርነሉ ከሰጠ ወይም የዕቃውን አሠራር በግልጽ ካሳወቀ ሥራው አለቀ። ሰክቶ ማስነሳት ብቻ ነው። የድራይቨር ሲዲ ፍለጋ የለም። አምራቹ አሠራሩን ምስጢር አድርጎ ከያዘው ግን ዕቃው ወይ ጭራሽ አይሠራም፣ ወይ ከከርነሉ ውጭ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ በሁለተኛው ነው። ድራይቨሩ ዛሬ ይሠራል። ከርነሉ ሲታደስ ደግሞ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መዘጋጀት አለበት። ያ ካልተሳካ በማግስቱ ዋይፋዩ የለም። ሰው ታዲያ ሊኑክስን ያማል። ጥፋቱ ያለው ግን ከግዥው ላይ ነው።

ባቲ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ሳያስነሳውና ሳያስኬደው ብር አይቆጥርም። ኮምፒውተር ግን ካርቶኑን አይተን እንገዛለን! «ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም» የሚለውን አንብበን እንከፍላለን። ኮር አይ 5 መሆኑ ስለ ዋይፋይ ካርዱ የሚነግረን ምንም የለም።

መላው ይኸውላችሁ። 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል። ሊኑክስ ሚንት ሲወርድ ወደ 3 ጊጋባይት ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ 24.04 ግን 6 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በእኛ ኢንተርኔት ሚንቱ ይሻላል። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ለአገር ይበቃል፤ መቅዳትም ማደልም በሕግ የተፈቀደ ነው። ፍላሹ ላይ የሚጻፈው እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ተደርጎ አይደለም። ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ነው። ከዚያ ሱቅ ሄዶ ፍላሹን መሰካት፣ ማሽኑ ሲነሳ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን መጫን። ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ኢንስቶል የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ዲስኩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።

ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ነጋዴው ይሰጋልና። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ላፕቶፕ ላጋዛ ፒያሳ ወረድን። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነው።

«አብሽሪ እህቴ፣ ዕቃው ንጹሕ ነው» አለኝ።

«አምንሃለሁ ወንድሜ። ይቺን ፍላሽ ብቻ ላስነሳበት።»

«ዊንዶውሱን አታጠፊብኝም?»

«አልነካውም። እዚሁ ከጎኔ ቁጭ በልና እየው።»

ተነሳ። ድምፁ ይሠራል፣ ካሜራው ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግን አንድም ኔትወርክ አያሳይም። ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ። ያው ሞዴል፣ ያው ቁጥር፣ ያው ቀለም። እሱ ላይ ዋይፋዩ ወዲያው መጣ። ውስጣቸው የገባው የዋይፋይ ካርድ ይለያያል። ዋጋቸው እኩል ነበር። ባልደረባዬ ሁለተኛውን ገዛ፤ ባለ ሱቁም ፍላሹን ቅጂልኝ ብሎኝ ቀዳሁለት።

የሞዴል ስም ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ወሳኙ ቺፑ ነው። በሰፊው የሚታወቅ ምሳሌ ልስጥ። የቲፒ ሊንክ ቲኤል ደብሊውኤን 722ኤን የሚባል በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ አለ። የመጀመሪያው ቨርዥን የአቴሮስ ቺፕ ስላለው ሊኑክስ ላይ እንደ ተሰካ ይሠራል። ከቨርዥን 2 ጀምሮ ቺፑ ወደ ሪልቴክ ተቀይሯል፤ ያኛው ለብዙ ጊዜ ሰው አስቸግሯል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከፍላሹ እንደተነሳችሁ ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ኤልኤስፒሲአይ (lspci) ብላችሁ ጻፉ። በዩኤስቢ ለሚሰካ ዕቃ ደግሞ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ነው። የእያንዳንዱ ክፍል አምራችና ቺፕ ተዘርዝሮ ይወጣል። ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የድሮ አቴሮስም እንደዚያው። ብሮድኮም ካላችሁ ጠንቀቅ በሉ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ካርዶቹ ለብቻው የሚጫን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ሪልቴክ እንደ ቺፑ ነው። በቅርብ ከርነሎች ብዙ ተሻሽሏል፤ ሞክሮ ማየት ግን ግድ ነው።

ዋይፋይ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት በምክንያት ነው። ዋይፋዩ ካልሠራ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት የለም፤ ኢንተርኔት እንዲኖር ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቢሆን ገመድ ያለበት ቢሮ ተፈልጎ ይገባል። ገጠር ቀበሌ ያለ ትምህርት ቤት ግን ማሽኑ እንደዚያው ይቀመጣል። ለጊዜው መውጫ አለ፤ አንድሮይድ ስልክን በቻርጀር ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ማብራት። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። በዚያ አውርዶ መጫን ይቻላል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትም ከ12ኛ እትሙ፣ ማለትም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ነፃ ያልሆኑትን ፈርምዌሮች (ዕቃው ውስጥ የሚጫኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ከመጫኛው ጋር አብሮ ማቅረብ ስለጀመረ ችግሩ ቀለል ብሏል።

ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ከስሊፕ በደንብ መንቃቱን እዩ። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ልጁ ክዳኑን ዘግቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሴቭ ያላደረገው ሥራ ጠፋ ማለት ነው። የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎችን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ታችፓዱን ንኩ። የጣት አሻራ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ላይ ስለማይሠራ በእሱ ተማርካችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ተጠቅመው የተዉት ላፕቶፕ ከሆነ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገኘው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ግቡና የይለፍ ቃል ይጠይቅ እንደሆነ እዩ። ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ይቅርባችሁ። አንዳንድ ማሽን ላይ፣ በተለይ ዴል ላይ፣ የዲስኩ አሠራር «ሬይድ» በሚባለው ምርጫ ላይ ተደርጎ ስለሚመጣ ሊኑክስ ዲስኩን አላየሁም ሊል ይችላል። ያ ብልሽት አይደለም። ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ምርጫ ሲቀየር ይታያል። ዊንዶውሱንም አብራችሁ ማቆየት ከፈለጋችሁ ግን ሳትዘጋጁ አትቀይሩት፤ ዊንዶውሱ ላይነሳ ይችላል።

ስለ ግራፊክስ ካርድ አጭር ልበል። ለትምህርት ቤት ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ በቂ ነው፤ ሁለቱም ግልጽ ድራይቨር አላቸው። ኤንቪዲያ ለረጅም ዓመታት ድራይቨሩን ዝግ አድርጎ ቆይቷል። ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ በመድረክ ላይ ኩባንያውን በኃይለ ቃል ወቅሶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የከርነል ክፍሉን ለአዳዲሶቹ ካርዶች ከፍቷል። የድሮዎቹ ግን በዚያው በዝጉ ቀርተዋል።

አሁን ወደ ፕሪንተር። የነፃ ሶፍትዌር ታሪክ ራሱ ከፕሪንተር ጋር የተያያዘ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ይሠራ ነበር። ለላቦራቶሪያቸው ከዜሮክስ አንድ ሌዘር ፕሪንተር መጣላቸው። ወረቀት ሲይዝበት ለሠራተኞቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን ሊያስተካክለው ፈለገ። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ያለው ሰው ግን አልሰጥህም አለው። ስቶልማን ይህ ነገር በውስጡ ቀርቶ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ የሚባለውን ነፃ ሲስተም የመሥራት ዕቅዱን አወጀ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ታሪክ ነው። የገዛኸው ዕቃ ሲበላሽ እንዳትነካው ከተከለከልክ በእርግጥ ያንተ ነው ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ክርክሩ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይቆምም።

እዚሁ አካባቢያችን አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ ካዞረ በኋላ ፕሪንተር ገዛ። ርካሽ ተብሎ የተመረጠ ነው። ፕሪንተሩ ከአምራቹ የዊንዶውስ ድራይቨር በቀር የሚገባው ነገር የለም። ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ለማተም ሠራተኞቹ ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳሉ፣ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ መፍትሔው አንድ መስመር ነበርና። ፕሪንተር ስትገዙ ፖስትስክሪፕት ወይም ፒሲኤል የሚባለው የማተሚያ ቋንቋ የሚገባው፣ አለዚያም ድራይቨር ሳያስፈልገው የሚያትም «ኤርፕሪንት» ወይም «አይፒፒ ኤቭሪዌር» የሚል ካለበት ምረጡ። ኤችፒ ኤችፒኤልአይፒ የሚባል ግልጽ ድራይቨር ስላለው ብዙ ሞዴሎቹ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ፕለጊን ይጠይቃሉ። ሞዴሉን ከኤችፒኤልአይፒ ዝርዝር ላይ አይቶ መሄድ ነው።

ሁሉም ማሽን ወደ ሊኑክስ ይዙር እያልኩ አይደለም። ፋይናንስ ክፍል ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው፤ ያ ማሽን ባለበት ይቆይ። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሰነዶችም ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ስለሚሆኑ አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ፣ በሁሉም ማሽን ላይ ወደሚነበበው የፊደል ኮድ፣ መለወጥ አለባቸው። አዲስ ለሚጻፈው ግን አማርኛ ችግር የለበትም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንትም በነፃ ይገኛል። የአማርኛ መተየቢያውን አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መምረጫ ፕሮግራም በኩል መጨመር ነው። ተማሪዎቼ ቶሎ ነው የለመዱት።

ለግዥ ኮሚቴዎች ይህን ዓረፍተ ነገር እጠቁማለሁ። እንዳለ ወስዳችሁ ስፔስፊኬሽን ውስጥ አስገቡት፦ «ኮምፒውተሩ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው ኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ሲነሳ ዋይፋይ፣ ኔትወርክ፣ ድምፅ፣ ካሜራና ስሊፕ ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጫን መሥራት አለባቸው፤ ይህም ከርክክብ በፊት በዩኤስቢ ተነስቶ ይሞከራል።» ማንንም ብራንድ አይጠቅስም፤ ማንንም አቅራቢ አያገልም። ሙከራው የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት መሆን አለበት። አንዴ ዕቃው ገቢ ከተደረገ በኋላ አቅራቢን አምጥቶ «ዋይፋዩ አይሠራም» ማለት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ማሽን ማየትም አይበቃም፤ በያንዳንዱ ላይ ፍላሹ ይሰካ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የንብረት ክፍል ሠራተኞቻችን ጭምር ለምደውታል። የእኛው ስቶር ኪፐር፣ ጡረታ የቀረባቸው ጋሼ፣ አሁን «ልጄ፣ ፍላሹስ?» ሳይሉ አይፈርሙም።

አቅም ለሌለው ገዢ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። አዲስ ተብሎ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ያለው ርካሽ ላፕቶፕ ከመግዛት፣ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ ይሻላል። የርካሾቹ ኢኤምኤምሲ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ሲሞላም ሲሞትም አይቀየርም። የሌሎቹ ኤስኤስዲ ይቀየራል፤ በብዙዎቹ ራምም ይጨመራል። ካኖኒካል የሚባለው የኡቡንቱ ባለቤት ድርጅት ፈትኖ ያረጋገጣቸውን ሞዴሎች ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ ከእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች ብዙ አሉበት።

የጋዜጣችሁን ዝግጅት ክፍል አንድ ነገር ልለምን። በየሳምንቱ ትንሽ ጥግ ስጡን። ከወልድያ፣ ከከሚሴ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከላሊበላ፣ ከየትም ያለ አንባቢ የሞከረውን ማሽን ሞዴል፣ የዋይፋይ ቺፑን፣ የጫነውን ሲስተምና የሠራውን ይጻፍ። ኢንተርኔት የማይደርስበት መምህር ጋዜጣውን ቆርጦ ኪሱ ይዞ ገበያ ይወጣል። ከእኔ ይጀመር፦ ቲንክፓድ ቲ480፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ዋይፋዩ ኢንቴል፣ ሊኑክስ ሚንት 22። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራና ስሊፕ ሠርተዋል። ሁለት ባትሪ አለው፤ የኋለኛው ማሽኑ ሳይጠፋ ይቀየራል። የጣት አሻራውን አልሞከርኩም።

ከአክብሮት ጋር
የአይሲቲ መምህርት፣ ደሴ